የዝናቡን ውሃ ሳንቆጥር የሠራነው መኪና ማቆሚያ

የእድራችን መኪና ማቆሚያ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል። መጀመሪያ በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ። ከዚያ በ2014 ዓ.ም.፣ ከጥር እስከ መጋቢት። ሁለተኛው ሥራ የመጣው የመጀመሪያው አንድ ክረምት እንኳ መቻል ስላቃተው ነው። በሁለቱም ጊዜ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት፣ ዋጋ ያሰባሰብኩት፣ ከባለሙያዎች ጋር የተመላለስኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ብዙ እድሮች፣ ትናንሽ ክሊኒኮችና የእንግዳ ማረፊያዎች ግቢያቸውን መኪና ማቆሚያ እያደረጉ ነው። ለአንድ ሥራ ሁለቴ እንዳይከፍሉ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ቦታችን አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው። 24 በ27 ሜትር፣ ወደ 650 ካሬ። በአንድ በኩል 180 ካሬ ጣሪያ ያለው አዳራሻችን አለ። ከላይ በኩል ኮብልስቶን የለበሰ የሰፈር መንገድ ያዋስነናል፤ በሩም እዚያ ነው። ከታች በኩል ዲች (የመንገድ ዳር የውሃ ቦይ) ያለው ሌላ መንገድ አለ።

ያኔ ስብሰባ ላይ የተነጋገርነው ስለ መኪናው ብቻ ነበር። ለአንድ መኪና 2.5 በ5 ሜትር፣ በሁለቱ ረድፍ መካከል 6 ሜትር መተላለፊያ። ስለዚህ 20 መኪና ይገባል፣ ድንኳን መትከያም ይተርፋል። ኮብልስቶን ይሁን ኮንክሪት ብለን ሁለት እሁድ ተከራከርን። ስለ ውሃ የተባለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ፦ «ለዝናብ ውሃ ማስወገጃ 110 ፒቪሲ ቱቦ ይቀበራል።» ስፋቱ 110 ሚሊሜትር የሆነ፣ የሽንት ቤት መስመር የሚዘረጋበት ቱቦ ማለት ነው። ለምን 110 እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅንም። ግንበኛው የለመደው እሱን ስለሆነ እሱ ተቀበረ።

ሐምሌ ሲገባ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ታየ። ቀብር ነበረን። ዝናቡ የቆየው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ከላይኛው መንገድ የወረደው ጎርፍ በበራችን ታጥፎ ገባ። ከኮብልስቶኑ ሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ ወሰደው። ቱቦው አፍ ላይ ሃይላንድና ፌስታል ተከምሮ ዘጋው። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ አዳራሹ ዞረ። እናቶቻችን ነጠላቸውን ሰብስበው ወንበር ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ሐዘንተኞቹን እንዲያ ሆነው ማየት እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ነሐሴ ላይ ኮብሉ በጎማ መስመር ሰመጠ። መስከረም ላይ ደግሞ የታችኛው አጥር ግንብ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

ለሁለተኛው ሥራ መጀመሪያ ያማከርነው መሐንዲስ አልነበረም። አካባቢው እርሻ ሳለ እዚሁ ያርሱ የነበሩ አንድ አባት የእድራችን አባል ናቸው። የተሰነጠቀውን ግንብ አይተው፣ «ልጄ፣ ይቺን ጥግ እኛም ጤፍ አንዘራባትም ነበር» አሉኝ። «ውሃው ድሮም መንገዱ በዚህ ነው። ዋልካ ላይ ፈሰስ ሳታወጣ እህል አይሆንልህም፤ ያጠወልግብሃል።»

ዋልካ ውሃ የማያሰርገው ጥቁር አፈር ነው፤ ፈሰስ ማለት ደግሞ ገበሬው በማሳው ውስጥ አቋርጦ የሚያወጣው የውሃ መውረጃ ቦይ ነው። ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ውሃው በየት እንደሚወጣ ይወስናል። እኛ ግን ምንጣፉን አንጥፈን ስናበቃ ነው ስለ ውሃው ያሰብነው። ስለዚህ እርስዎን ወይም ኮሚቴዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ሥራውን ከመውጫው ጀምሩት። ድንጋዩን፣ ቀለሙን፣ የመኪናውን ቁጥር በኋላ ትደርሱበታላችሁ። ውሃው ከግቢያችሁ የሚወጣበት ነጥብ የት ነው? ወለሉስ በስንት ሳንቲም ዝቅ ይላል? ይህን ሳታውቁ አንድ አካፋ አፈር አታንሱ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ። ማንም በስልኩ ካልኩሌተር ሊሠራው ይችላል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ለቱቦ መጠን ግን የዓመቱ ድምር አይጠቅምም። የሚጠቅመው ለአጭር ደቂቃ የሚወርደው ኃይለኛ ዝናብ ነው። እንደኛ ባለ ትንሽ ቦታ ላይ ውሃው ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ደቂቃዎች ይበቁታል። የረዳን መሐንዲስ የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን (አሁን የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር) የድሬኔጅ ዲዛይን ማንዋል ውስጥ ያሉትን፣ ዝናብ በምን ፍጥነት ለስንት ደቂቃ እንደሚወርድ የሚያሳዩ ኩርባዎች አይቶ፣ ለእኛ ሥራ በሰዓት 100 ሚሊሜትር ያዝን። ያ ማለት ዝናቡ ሰዓት ሙሉ ይቆያል ማለት አይደለም። በዚያ ፍጥነት ለ10 ደቂቃ ያህል ይወርዳል ማለት ነው።

650 ካሬ በ100 ሚሊሜትር 65,000 ሊትር በሰዓት ይሆናል። ኮብልስቶን ጥቂቱን ያስቀራል፤ 80 በመቶው ይፈሳል ብለን ያዝን። 52,000 ሊትር በሰዓት፣ በሴኮንድ ወደ 14 ሊትር ተኩል። የአዳራሹ ጣሪያ ወደ 5 ሊትር ይጨምራል። ድምሩ 19 ሊትር በሴኮንድ። አንድ ጀሪካን በየሴኮንዱ እንደ መድፋት ማለት ነው።

110 ቱቦ በ100 ሜትር 1 ሜትር ተዳፋት ተቀብሮ፣ ሙሉ ሆኖ ሲሄድ የሚያስወጣው 7 ሊትር እንኳ አይሞላም። 150 ወደ 15 ሊትር ያሳልፋል። 200 ደግሞ 33 ሊትር ገደማ። ልብ በሉ፤ ስፋቱ እጥፍ አልሆነም፣ የሚያሳልፈው ውሃ ግን ወደ አምስት እጥፍ ሆነ። ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት 110 ባይደፈንም ኖሮ የውሃችንን ግማሽ አይችልም ነበር።

ይህ ግን የራሳችን ውሃ ብቻ ነው። መሐንዲሱ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ላይ አየና፣ «ይሄ ሁሉ የመንገድ ውሃ ወዴት ነው የሚፈሰው?» አለኝ። ከላይ ያለው ኮብልስቶን መንገድ የጎን ዲች የለውም። ወደ 1,000 ካሬ የሚሆነው መንገድ ወደ በራችን ያዘነብላል። ስናሰላው ሌላ 22 ሊትር ገደማ በሴኮንድ ነው። እኛ ያልቆጠርነው የጎረቤት ውሃ ከራሳችን ይበልጥ ነበር። ለዚህ ነው ሐምሌ ላይ ያ ሁሉ የሆነው። ስለዚህ ካርታችሁን ብቻ ይዛችሁ አታስቡ። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ፣ በር ላይ ቁሙ፣ ከላይ የሚመጣውን እዩት። በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት። ከየትኛውም ስሌት በላይ የኮሚቴ አባላትን ያሳመነው ያ ቪዲዮ ነው።

የላይኛውን ውሃ ግቢ አስገብቶ ማስወጣት ሞኝነት ነው። እኛ በሩ ላይ በሁለት መንገድ መለስነው። ወለሉን በሩ ላይ ወደ 10 ሳንቲም ከፍ አድርገን መለስተኛ ጉብታ ሠራን፤ መኪና ሳይቸገር ያልፈዋል። ከጉብታው ውጭ በኩል መግቢያውን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ከላዩ የብረት ፍርግርግ ያለው ቦይ ተሠራ። ያ ቦይ ውሃውን ከአጥሩ ውጭ በድንጋይ ወደ ተገነባ፣ 40 በ40 ሳንቲም የሆነ ዲች ያስገባዋል። ዲቹ እስከ ታችኛው መንገድ ይወርዳል። ለዚህ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወረዳውን ሳታማክሩ መንገድ ዳር እንዳትቆፍሩ። የመንገድ ጎርፍ ማፋሰሻ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ መስመር ደግሞ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉም። የዝናብ ውሃ ወደ ሽንት ቤት መስመር ወይም ሴፕቲክ ታንክ እንዳታስገቡ። «ቅርብ ነው፣ እዚያው እንክተተው» የሚል አይጠፋም። ክረምት ላይ ሞልቶ የሚመለሰው በየቤቱ መጸዳጃ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ የደከምንበት ነገር፤ የሌቭል (የከፍታ ልክ) ነገር። ሰርቬየር ለግማሽ ቀን ቀጠርን። ከዚህ በፊት ግንበኞቹ በላስቲክ ቱቦ ውሃ ልክ ነበር የሠሩት። ለአጥር ይበቃል፣ ለ36 ሜትር ሰያፍ መስመር ግን አላመንኩትም። ያገኘነው እንዲህ ነው። ከበሩ እስከ ታችኛው ጥግ ቦታው 1 ሜትር ከ10 ይወርዳል። የታችኛው መንገድ ዲች ወለል ደግሞ ከታችኛው ጥጋችን በ70 ሳንቲም ብቻ ዝቅ ይላል። ከጥጉ እስከ ዲቹ 22 ሜትር አለ።

ወደ ኋላ እንቁጠር። ቱቦው ዲቹ ውስጥ ሲወጣ ከዲቹ ወለል 15 ሳንቲም ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ዲቹ ሲሞላ ውሃው ወደ እኛ ይመለሳል። ስለዚህ መውጫው ከጥጋችን በ55 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ነው። 22 ሜትር በ1 በመቶ ተዳፋት 22 ሳንቲም ይፈልጋል። ቱቦው ጥጉ ላይ ሲነሳ ታቹ በ33 ሳንቲም ጥልቀት ላይ ይሆናል። 20 ሳንቲም ቱቦው ራሱ ይወስዳል። ከላዩ የሚቀረው አፈር 13 ሳንቲም። ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ ቢገባ ይሰብረዋል።

መፍትሔው አንድ ነበር፤ ጥጉን ማንሳት። ታችኛውን ጥግ 40 ሳንቲም ሞላነው። ያኔም ከበሩ ወደ ጥጉ 70 ሳንቲም ውድቀት ይተርፈናል፤ በ36 ሜትር ወደ 2 በመቶ ነው። ለኮብልስቶን ጥሩ ተዳፋት ነው፤ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲም። ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ድንጋዩ ትንሽ ሲሰምጥ ውሃ ይቋጥራል። ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ የመኪናው በር ሲከፈት አምልጦ የጎረቤቱን መኪና ይመታል፤ ለአዛውንትም መውረዱ ይከብዳል። ጥጉን በማንሳታችን ቱቦውንም ወደ 300 የሲሚንቶ ቱቦ ለማሳደግ ቦታ አገኘን። በስሌት 200 ይበቃ ነበር። ግን ቁፋሮው ያው፣ የቀን ሠራተኛው ያው፤ የዋጋው ልዩነት ቱቦው ላይ ብቻ ነው። 300 ደለል ገብቶበትም ይሠራል፣ ለመጥረግም ይመቻል።

ስለ አፈሩ። ከኮሚቴው አንዳንዶች፣ «ለምን ጉድጓድ ቆፍረን፣ ድንጋይ ሞልተን እዚያው አይሰርግም?» ብለው ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ውሃ የሚያሰርግ አፈር ባለበት ቦታ ይሠራል። እኛ ግን ሞከርነው። 60 ሳንቲም የሚሆን ጉድጓድ ቆፍረን ማታ ውሃ ሞላን። በነጋታው ጠዋት ውሃው ቁጭ ብሎ አገኘነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና መጀመሪያ ላይ ውሃውን በስንጥቁ ይጠጣል፤ ስለዚህ አንዴ ሞልታችሁ አትፍረዱ። አርሱት፣ እንደገና ሙሉትና ያኔ ለኩ። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አጥራችንን የሰነጠቀው ይኸው ነው። ቱቦው አጥሩ ሥር ያንጠባጥብ ነበር፤ አንዱ ወገን አበጠ፣ ሌላው ደረቅ ነበር። በሁለተኛው ሥራ 50 ሳንቲም ጥቁሩን አፈር አውጥተን ጣልን። በምትኩ ሰሌክት (የማያብጥ፣ የተመረጠ የሙሌት አፈር) አስገብተን በየ20 ሳንቲሙ እያራስን ጠቀጠቅነው። ወጪው ያስደነግጣል። ግን ዋልካ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን ሁለት ክረምት አይቆይም፤ አይተነዋል።

የውሃው አቅጣጫም ይታሰብበት። የመጀመሪያው ንድፍ ውሃውን በመካከለኛው መተላለፊያ ያስኬደው ነበር። በወረቀት ላይ ያምራል፣ ሁለቱም ረድፍ ወደ መሐል ያዘነብላል። ነገር ግን ሰው ከመኪና ወርዶ የሚሄደው በዚያው መሐል ነው። እድር ቤት የሚመጡት ነጭ ለብሰው፣ አልቅሰው፣ የደከሙ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ውሃውን ወደ አጥሩ ጥግ፣ ከመኪኖቹ አፍንጫ በኩል ወሰድነው። እዚያ ማንም አይረግጥም። ክሊኒክ ከሆናችሁ በሽተኛ በወንበር የሚገፋበትን መስመር አስቡ፤ ፍርግርጉ እዚያ እንዳይውል።

መቀበያውን፣ ማለትም ውሃው ወደ ቱቦው የሚገባበትን ማንሆል (ጉድጓድ) በተመለከተ ሦስት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የማንሆሉ ወለል ከቱቦው በ40 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ይሠራ። አሸዋና ደለሉ እዚያ ይቀራል፣ ቱቦው ይድናል። ሁለተኛ፣ መቀበያው አንድ አይሁን። እኛ ሁለት አደረግን፣ በአምስት ሜትር ልዩነት። አዲስ አበባ በረዶ ትጥላለች፤ በረዶና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጋግዘው አንዱን ፍርግርግ ሲዘጉት ሌላው ይሠራል። ሦስተኛ፣ የብረት ክዳን ይሰረቃል። በማጠፊያ ከግንቡ ጋር አሳስሩት፤ ውስጥ ያሉትን ደግሞ ቀዳዳ ባለው ኮንክሪት ሸፍኗቸው።

ጣሪያውን ለብቻው አሸንዳ አድርገን ወደ 5,000 ሊትር ሮቶ አስገባነው። 180 ካሬ ጣሪያ በ30 ሚሊሜትር ዝናብ ይሞላዋል። ድስትና ሳህን ማጠቢያ ሆኖልናል፣ ውሃ ሲጠፋ በጣም ጠቅሞናል። ነገር ግን ሮቶው ጎርፍ ይቀንሳል ብላችሁ ቱቦ እንዳታሳንሱ። ሐምሌ ላይ በሁለተኛው ቀን ሞልቶ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ሁሉ ተትረፍርፎ ወደ ግቢ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ላንሳ። ከመኪና ማቆሚያ የሚታጠበው ውሃ ንጹሕ አይደለም። ዘይት፣ ናፍጣ፣ የጎማ ብናኝ አለበት። ከእኛ ሰፈር የሚወርደው ወደ ትልቁ አቃቂ ነው። በአቃቂ ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን ይመረታል፤ ያንኑ ገበያ ወርደን እንገዛለን። ከዚያ ውሃው አባ ሳሙኤል ይገባል፣ ከዚያም አዋሽ። ስለዚህ ሁለት ነገር ወሰንን። ግቢው ውስጥ ዘይት መቀየርና መኪና ማጠብ ተከለከለ። የመጨረሻው ማንሆል ላይ ደግሞ የቱቦው አፍ በክርን (በታጠፈ የቱቦ መገጣጠሚያ) ወደ ታች እንዲታጠፍ አደረግን። ዘይት ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ከሥር ሲወጣ ዘይቱ ማንሆሉ ውስጥ ይቀራል። በየጊዜው በጨርቅና በሰጋቱራ እናነሳዋለን። የአንድ ክርን ዋጋ ነው።

ለኮንትራክተሩ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችን በፊት 10,000 ሊትር የውሃ ቦቴ አስመጣን። በሩ ጋ ቆሞ በ10 ደቂቃ ገደማ ለቀቀው። በሴኮንድ ወደ 17 ሊትር ነው፤ ካሰላነው 19 ጋር ይቀራረባል። ኮሚቴው ሁሉ ቆሞ አየ። ሦስት ቦታ ላይ ውሃ ቋጠረ። በኖራ አከበብናቸው፤ በነጋታው ድንጋዩ ተነስቶ እንደገና ተነጠፈ። ይህን ሙከራ ውላችሁ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገቡት። በኋላ ቢጠየቅ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ክረምቶች አልፈዋል። አዳራሻችን ውሃ አልገባውም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ማንሆሎቹ በሙሉ ይጠረጋሉ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጥበቃው በየቅዳሜው ይጠርጋቸዋል። ለዚህ ከእድሩ ገንዘብ ጭማሪ ይከፈለዋል፤ ቃለ ጉባኤ ላይም ሰፍሯል። ያልተጻፈ ሥራ ኮሚቴ ሲቀየር ይረሳል። በሩ ላይ ያለው ቦይ ቶሎ ይሞላል፤ ከሰፈሩ መንገድ አሸዋ ብዙ ይወርዳል። ሐምሌ ላይ በሳምንት ሁለቴም የጠረግንበት ጊዜ አለ።

አሁን የቀረችን አንዲት ቦታ ናት። ከአዳራሹ ደረጃ ሥር ሁለት ካሬ የምትሆን፤ ኮብሉ ጥቂት ሰምጦ ውሃ ይዟል። መስቀል ካለፈ በኋላ ድንጋዩን አንስተን፣ ሰሌክት ጨምረን እንጠቀጥቀዋለን።